ፊት ለፊት የሚያስቀምጠው ባቡር

ዋቆ በኬንያዋ ሞያሌ የአውቶቡስ መናኸሪያ፣ እዚያ ስቴጅ በሚሉት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ሥራው ሰው ማስቀመጥ ነው። ትኬት አይሸጥም፣ ዕቃ አይጭንም፣ አይነዳም። የናይሮቢው አውቶቡስ ሊነሣ ሲል በሩ ላይ ይቆምና ማን የት እንደሚቀመጥ ይወስናል። ስሙን የማያውቁ መንገደኞች «ባለ ወንበሩ» ይሉታል።

ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ከኢትዮጵያ በኩል የመጣችን ነጋዴ ሴት ከማታውቀው ወንድ ጎን አያስቀምጥም። ጫት የሚቅም ከኋላ ነው፤ የምታጠባ ከፊት። ሰሞኑን በውኃ የተጣሉ ሁለት ሰዎች በአንድ አውቶቡስ ከተሳፈሩ ቢያንስ በአምስት ረድፍ ይለያያቸዋል። ከሁሉም የሚጠነቀቀው ግን ለአማትና ለአማች ነው። በዋቆ ወገኖች ዘንድ ወንድ የሚስቱን እናት ፊት ለፊት አያይም፤ ስሟን አይጠራም፤ እሷ ባለችበት አይበላም። እሷም እሱ ሲመጣ ሻሿን ፊቷ ላይ ትጥላለች። ለዚህ ነገር አውቶቡስ ይመቻል። ሁሉም ወደ ፊት ነው የሚያየው። አማት ከሾፌሩ ጀርባ፣ አማች መጨረሻ ወንበር ይሆኑና ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ሳይተያዩ ይደርሳሉ።

ስህተቱን የሠራው ይኸው ሰው ነው።

የሚስቱ የኑርሀን እናት ፋዱሞ ይባላሉ። ልጆቹ «አኮ» ይሏቸዋል፤ አያቴ እንደ ማለት ነው። የሚኖሩት ኡራን በምትባል መንደር ነው። በሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ ሞራ ወርዶ፣ ፍየል ካልጮኸች በቀር ከድንጋይ መለየት ካቃታቸው ዓመት አልፏል። ወንድ ልጃቸው ጁነዲን ሞምባሳ ይሠራል፤ እዚያ ካለ የዓይን ክሊኒክ ቀጠሮ አስያዘላቸው። ቀጠሮው በነሐሴ፣ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር። ካመለጠ ሌላ የሚገኘው ከስምንት ወር በኋላ ነው። ሐኪሙ በስልክ ሲጠየቅ የግራ ዓይናቸው ስምንት ወር አይጠብቅም ብሏል።

ኑርሀን እስከ መጨረሻው በአውቶቡስ እንሂድ አለች። ዋቆ እስከ ናይሮቢ ድረስ ተስማማ። ከዚያ ወዲያ ባቡር አለ።

ስቴጁ ቢሮ ውስጥ ጊዜው ያለፈበት ካላንደር ተሰቅሏል። ሥዕሉ ባቡሩ በረጅም ድልድይ ላይ ሲያልፍ ነው፤ ከሥሩ ቀጭኔዎች ቆመዋል። ቢሮው ሊጥለው ሲል አትንኩት ያለ ዋቆ ነው። ስንቱን ሰው መስኮት አጠገብ አስቀምጧል። ራሱ በሄደ ቁጥር ግን የሚደርሰው ባዶ የቀረችው ወንበር ናት። አንድ ጊዜ እንኳ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ አገር እያየ መሄድ ፈለገ።

«አዮንስ አስበሃል?» አለችው ኑርሀን። እናቷን ነው።

«ከፊት አስቀምጣቸዋለሁ፤ እኔ ከኋላ።»

«እዚያም አንተ ነህ የምታስቀምጠው?»

«ታዲያ ማን ነው?»

ከስቴጁ ማዶ ፒተር የሚባል ሰው የኢንተርኔት ቤት አለው። ዋቆ መታወቂያዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፤ የአማቱን ስም ስለማይጠራ የእሳቸውን በጣቱ ገፋ አደረገለት። ከዚያ ወረቀት ላይ ሁለት ረድፍ ሣለ። በፊተኛው ረድፍ አማቱ በመተላለፊያው በኩል፣ ኑርሀን መሐል፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ሙስሊማ መስኮቱ ጋ። በኋለኛው ረድፍ እሱ ልክ ከአማቱ ጀርባ፣ አጠገቡ የአምስት ዓመቱ አሬሮ። አንድ ወንበር ለሌላ ሰው ይቀራል። በአንድ ረድፍ ብቻ መለየታቸው ትንሽ ከነከነው፤ ግን የሚያየው ጀርባቸውን ነው፣ ጀርባ ደግሞ ነውር የለውም።

ፒተር ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ሥዕሉ አንድ በአንድ አስያዘለት። ስክሪኑ ላይ ወንበሮቹ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ናቸው። ፊትም ጀርባም የላቸውም።

እስከ ናይሮቢ ያለው መንገድ እንደ ሁልጊዜው ነበር። በየፍተሻው ወርደው መታወቂያ አሳዩ፣ ተሳፈሩ፣ እንደገና ወረዱ። አኮ ፋዱሞ ከሾፌሩ ጀርባ፣ ዋቆ መጨረሻ። ናይሮቢ ውስጥ ኢስሊ በሚባል ሰፈር ዘመድ ቤት አድረው ረቡዕ ጠዋት ባቡር ጣቢያው ደረሱ።

ነገሩ መበላሸት የጀመረው ከበሩ ነው። ሻንጣ ሁሉ መሬት ላይ ተደርድሮ ውሻ ያሸተዋል። አኮ ፋዱሞ ባያዩም ሰሙ።

«ውሻ ነው?»

«ያሸታል እንጂ አይነካም፣ አዮ፤» አለች ኑርሀን።

«መስገጃዬ ያለበትን ቦርሳ?»

«አይነካም አልኩሽ።»

«የውሻ አፍንጫ ደረቅ ሆኖ ያውቃል?»

ቀጥሎ መታወቂያ የሚያየው ዘበኛ ዋቆን ጠየቀው። «ኚህ ማማ ምንህ ናቸው?»

«የልጆቼ አያት።»

«ስማቸው?»

ዋቆ መታወቂያው ላይ አመለከተ።

«ማንበብማ እችላለሁ። አንተ ንገረኝ እንጂ። አብረሃቸው እየሄድክ ስማቸውን አታውቅም?»

ዋቆ እንደገና ጣቱን መታወቂያው ላይ አሳረፈ። ዘበኛው ከሰልፉ አወጣቸው። ሙስሊማ ሮጣ መጥታ «ፋዱሞ ጋልጋሎ» እስክትል ድረስ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ አለፋቸው።

ፉርጎው ጋ ሲደርሱ ዋቆ እንደ ሥራ ልማዱ ቀድሞ ገባ። ቁጥሮቹን አገኘ። ከዚያ ቆመ። የእሱ ረድፍና የአማቱ ረድፍ ተፋጥጠዋል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ጉልበት እንኳ በቅጡ የሚያስገባ አይደለም።

ሻሮን የምትባል የደንብ ልብስ የለበሰች አስተናጋጅ በዚያ ታልፍ ነበር። «እህት፣ ወንበሮቹ ተሳስተዋል፤» አላት።

«ምናቸው?»

«እነዚህ ሦስቱ ወደ ኋላ ዞረዋል። አዙሩልን።»

ሻሮን ሳቀች። «ቦስ፣ ይሄ እኮ ባቡር ነው። ግማሹ ሰው ሁሌም ወደ ኋላ ነው የሚሄደው።»

«እኔስ ሌላ ቦታ ልቀመጥ?»

«ሞልቷል። የትምህርት ቤት እረፍት ነው፤ በየጣቢያው የሚሳፈርም አለ። ቁጥርህ ላይ ቁጭ በል።»

ስድስተኛዋን ወንበር፣ በእሱ በኩል መስኮቱ ጋ ያለችውን፣ አንዲት ወፈር ያለች ሴት ይዛታለች። ቀና ብላ አየችውና በአማርኛ ጮኸች።

«ባለ ወንበሩ!»

እታለማሁ ናት። ከድንበሩ ወዲያ ጨርቅ ትነግዳለች፤ በየሁለት ወሩ በእነሱ አውቶቡስ ትመላለሳለች።

«ባለፈው ጎማው ላይ አስቀምጠኸኝ ወገቤን ገድለኸዋል። እግዜር ያሳይህ ብዬ ነበር፣ ዛሬ አሳየህ!»

«እትዬ፣ እባክሽ፣ አማቴ ናቸው።»

«ታዲያስ? አማት እናት አይደለች?»

«በእኛ ዘንድ አንተያይም።»

እታለማሁ አኮ ፋዱሞን አየቻቸው። ኑርሀን እጃቸውን ይዛ እያስቀመጠቻቸው ነበር፤ የማያዩት ዓይኖቻቸው የፉርጎው ጣሪያ ላይ ናቸው።

«እሳቸው እንደሆን አያዩህም።»

«እኔ አያቸዋለሁ።»

«ታዲያ በአንድ ወገን ጎን ለጎን ሁኑና ጨርሱት።»

«በአንድ ወንበር? እሱማ የባሰ ነው።»

«አይ እንግዲህ!» አለችና ኦቾሎኒዋን ፈታች። «እናንተ ሰዎች ባቡር ሳትሳፈሩ ነው መጣላት የነበረባችሁ።»

ባቡሩ ሁለት ሰዓት ሲል ተነሣ። አንድ ደቂቃ አልዘገየም። ዋቆ በሕይወቱ በሰዓቱ የተነሣ ነገር ሲያይ የመጀመሪያው ነበር፤ ሊደሰትበት አልቻለም። ፉርጎውን ከጫፍ ጫፍ ዞረ። አንድ ተማሪ ለመነ። ባልና ሚስት ለመነ። አንድ ቄስ የሚመስሉ ሰው ጥያቄውን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰምተው «አይሆንም» አሉት። በስቴጁ ላይ አንድ ጣቱን ሲቀስር ሰው ተነሥቶ ይዛወርለታል። እዚህ ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

በሁለት ፉርጎዎች መገናኛ፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ ሄዶ ቆመ። ሻሮን መጣች። «ቦስ፣ እዚህ መቆም ክልክል ነው።» ተመለሰ። ተቀመጠ። እግሩን ከወንበሩ ሥር አጥፎ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰቀለ። አኮ ፋዱሞ ሻሻቸውን እስከ ደረታቸው አውርደውታል፤ ጨርቁ ከአፋቸው ጋር እየተጣበቀ ይላቀቃል። ሙቀቱ እየጨመረ ነው። እንደገና ተነሥቶ ወጣ። ሻሮን እንደገና መለሰችው።

በሦስተኛው አሬሮ ጠየቀ። «አባዬ፣ ለምንድን ነው የምትዞረው?»

«ዝም በል።»

«አኮ ለምን ፊቷን ሸፈነች?»

«ዝም በል አልኩህ።»

ኑርሀን ከፌስታሉ ሳምቡሳ አወጣችና መለሰችው። አማችና አማት በተፋጠጡበት ምግብ አይዘረጋም፤ ለልጅም ቢሆን። ልጆቹ ራባቸው። ሙስሊማ ምራቋን እየዋጠች መስኮቱን ታያለች። ሜዳው ቢጫ ነው፤ ቀጭኔ የለም።

«አባ ሙስሊማ፣» አለች ኑርሀን ወደ እሱ ሳታይ። ስሙን አትጠራም። «በአውቶቡስ ብንሄድ ኖሮ አሁን እንበላ ነበር።»

ዋቆ ዓይኑን እንደገና ጣሪያው ላይ ሰቀለ።

«ዓይንህን ጨፍን፤» አለችው እታለማሁ በአማርኛ። «ጨፍነህ ተኛ። ካላየሃቸው አላየሃቸውም።»

ከሦስት ሰዓት ጉዞ ያገኘው ብቸኛ ምክር ነበርና ተቀበለ። ጨፈነ። ደክሞት ኖሮ ጭንቅላቱ ከበደ፤ ከወንበሩ ሥር ያጠፈው እግሩ ላላ። ባቡሩ ፍጥነት ሲቀንስ ነቅነቅ አለ። ጉልበቱ የአኮ ፋዱሞን ጉልበት ነካ።

ዘሎ ተነሣ። ሳያይ፣ ሳይናገር፣ ሰው እየገፋ ወደ መገናኛው ሮጠ።

አኮ ፋዱሞ አልጮኹም። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ልጃቸውን ጠየቁ።

«ይሄ ነገር አሁን የት ሊቆም ነው?»

«ምቲቶ አንዴይ የሚባል ቦታ ነው።»

«እወርዳለሁ።»

«አዮ! ወርደሽ የት ልትሄጂ?»

«ቤቴ። ሰው በክብሩ የሚሄድበት አውቶቡስ አለ አይደል? ዓይን በዚህ ዋጋ ከሆነ ይቅርብኝ።»

«ቀጠሮው ነገ ነው! ስምንት ወር እኮ ነው!»

«ከወደድሽ ትመጫለሽ፣ ካልወደድሽ ልጅሽን አስይዢኝ።»

ተነሡ። በአንድ እጃቸው የወንበሮቹን ራስ እየዳበሱ ወደ በሩ ሄዱ። ኑርሀን ቀሚሳቸውን ይዛ ተከተለች፤ ቢጎትቷቸው የሚመለሱ ሴት አይደሉም። ባቡሩ ቆመ። በሩ ተከፈተ። የምቲቶ አንዴይ ሙቀት ገባ።

በሩ ላይ ዋቆ ቆሟል።

መውጫው አንድ ነው። ካልተላለፉ በቀር አይወጡም። መተላለፍ ደግሞ መነካካት ነው። ሻሮን ከኋላቸው «ፍጠኑ፣ የሚቆመው ትንሽ ደቂቃ ነው!» ትላለች።

የማይነጋገሩ ሰዎች ቃል የሚላላኩት በሕፃን ነው። ሕፃን ከሌለ በዛፍ፣ በበረት አጥር፣ ባገኙት ነገር። ዋቆ ጀርባውን ለአማቱ ሰጠና ብረቱን መዝጊያ በመዳፉ መታ።

«አንተ በር፣» አለ ጮክ ብሎ። «ለኚህ እናት ንገርልኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ወንበሩ እንዲህ መሆኑን አላወቅሁም።»

አኮ ፋዱሞ ቆሙ። ሻሻቸው ውስጥ ሆነው ለበሩ መለሱ።

«አንተ በር፣ ያ ሰው ሥራው ወንበር ነው ሲባል እሰማለሁ። ወንበር ካላወቀ ምን ያውቃል?»

ዋቆ ዋጠው። «በር፣ ሐኪሙ ግራ ዓይናቸው አይጠብቅም ብሏል በልልኝ።»

«በር፣ ዓይኑ የእኔ ነው በልልኝ። እሱ በዚህ ሣጥን ውስጥ እስካለ ድረስ እኔ አልቀመጥም።»

ሻሮን ግራ ገብቷት ወደ ኑርሀን ዞረች። «ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?»

«ከበሩ ጋር።»

«እ?»

«አማቱ ናቸው። መተያየት የለባቸውም።»

«ማማ ምክዌ? የሚስት እናት?» ሻሮን እጇን አፏ ላይ ጫነች። የመጣችው ከምዕራብ ኬንያ ነው፤ በአገሯ ይህ ቀልድ አይደለም። «እኔ ደግሞ እየመለስኩ ፊታቸው ሳስቀምጠው! ለምን ከናይሮቢ አልነገራችሁኝም? የሠራተኛ ወንበር አለን እኮ!»

ዋቆ ይህን አልሰማም። ቀድሞ ተናግሯል።

«አንተ በር፣ ሰውየው ወርዷል በላቸው።»

ወረደ።

ሻሮን «ቦስ! ቦስ፣ ተመለስ!» ስትል ዞረ። አንድ እግሩን ሲያነሣ በሩ ተዘጋ። ባቡሩ እንደ አመጣጡ በሰዓቱ ሄደ። መስኮቶቹ ሲያልፉ የራሳቸውን ለየው። አሬሮ የአባቱ ወንበር ላይ ቆሟል። እታለማሁ ኦቾሎኒ ይዛ እጇን አውለበለበች።

የጣቢያው ሠራተኛ ትኬቱን አይቶ «ይሄ እስከ ሞምባሳ ነው» አለው። «አውቃለሁ» አለ ዋቆ። «ታዲያ ለምን ወረድክ?» ዋቆ ትኬቱን ኪሱ ከትቶ ወደ አስፋልቱ ሄደ።

በፀሐይ አንድ ሰዓት ተኩል ቆመ። ያገኘው አውቶቡስ ረዳት ፊቱን ሳያይ «ከኋላ» አለው። ሄዶ ከኋላ ተቀመጠ። ከመኪኖች ጀርባና ከጭነት መኪና ጭስ በቀር የሚታይ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«የት ደረስክ?» አለች ኑርሀን።

«መንገድ ላይ ነኝ። እናንተስ?»

«ቮይ የሚባለውን ጣቢያ አልፈናል። ዝሆን አየን። ቀይ ነው፣ አፈር የመሰለ። አሬሮ ሃያ ቆጠረ፤ ሙስሊማ ስምንት ናቸው ትላለች።»

«እሳቸውስ?»

«ሻሿን አነሣች። ሳምቡሳውን በላች። አሁን ተኝታለች።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሻሮን የሠራተኛ ወንበር ነበር ብላ እስካሁን ትናደዳለች። ለምን አልጠየቅንም?»

«ወንበር ጠይቄያት ነበር።»

«ምክንያቱን አልነገርካትም።»

ዋቆ ስልኩን በሌላኛው ጆሮው አደረገ። እውነት ነው። ለተማሪው፣ ለባልና ሚስቱ፣ ቄስ ለሚመስሉት ሰውም ቢሆን ቦታ ቀይሩኝ ነው ያላቸው። እሱ በስቴጁ ላይ ሰው ሲያዛውር ምክንያት አይናገርም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ምክንያት መናገር እንዳለበት አልመጣለትም።

«እትዬዋ ደግሞ ሰላም በይልኝ ብላለች፤» አለች ኑርሀን። «ወንበሩ ሰፋን ብላለች።»

ሞምባሳ ሲደርስ ጨልሞ ነበር። ጁነዲን በር ላይ ተቀበለው፤ እናቱ ውስጥ ስላሉ ዋቆ የጎረቤት ቤት አደረ። በማግስቱ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ክሊኒኩ ደረሱ። ልጆቹ አያታቸውን በግራና በቀኝ ይዘው ቀድመው ገቡ። ዋቆ ከግቢው ውጭ ቀረ። አምስት ሰዓት ላይ ኑርሀን ወጥታ «ጨርሳለች፤ ግራው ተሠርቷል» አለች። ፋሻው የሚነሣው ዓርብ ጠዋት ነው።

ዓርብ ዋቆ ከመንገዱ ማዶ፣ ጥሬ ኮኮናት ከሚሸጥ ሰው ጋሪ አጠገብ ቆመ። እዚያ መሆኑን ለማንም አልተናገረም፤ ኑርሀን ራሷ ቤት ቀርቷል ብላ ነበር የምታስበው። ሻጩ አንድ ኮኮናት ከፍቶ ሰጠው። መጠጣት እንደጀመረ የክሊኒኩ በር ተከፈተ።

አኮ ፋዱሞ የጁነዲንን ክንድ ይዘው ወጡ። ፀሐዩ ከበዳቸውና እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። አንድ ባጃጅ አለፈ፤ ዞረው አዩት። የኮኮናቱን ጋሪ አዩ። ከጋሪው ጎን ያለውን ሰው አዩ፤ እዚያ ላይ ዓይናቸው ቆመ።

እጃቸውን ሰደው ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ዋቆ ኮኮናቱን ይዞ ከጋሪው ጀርባ ወዳለው ግድግዳ ዞረ።